የወዳጅ ፍቺና የእኛ ምስክርነት



በጅማ ሄርማታም ሆነ በአጋሮ፣ ቡና የሚነግድ ሰው ትዳሩ ሲናጋ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወዳጁ ነው። ብሶቱን ሲጨርስ ጥያቄ ይከተላል። አንዱ «ቃዲው ዘንድ መስክርልኝ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ክርክሩ እስኪያልፍ ጀንፈሉን በአንተ ስም አስቀምጥልኝ» ይላል። ታዲያ ወዳጅ ምን ያድርግ?

በቅድሚያ ሽማግሌነትና ምስክርነት የተለያዩ መሆናቸውን ይወቅ። ሱረቱ ኒሳእ በ35ኛው አንቀጽ፣ መለያየት ሲያሰጋ ከባል ቤተሰብ አንድ፣ ከሚስት ቤተሰብ አንድ አስታራቂ እንዲላክ ያዛል። የሚላኩት ለማስታረቅ እንጂ ለየወገናቸው ሊሟገቱ አይደለም። ለእርቅ ተቀምጦ የሰማውን ገመና ለክርክር መሣሪያ የሚያደርግ ሰው አማናውን በልቷል። ከእንግዲህ ማን ለሽማግሌ ልቡን ይከፍታል?

ምስክርነት ግን ወዳጅነትን አያይም። የዚያው ሱራ 135ኛ አንቀጽ በራስና በወላጅ ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ መቆምን ያዛል። የአል-በቀራ 283ኛ አንቀጽም ምስክርነትን መደበቅን ይከለክላል። ኒካሑ ሲታሰር የነበረ ሰው የመህሩን ልክ ሲጠየቅ፣ ወዳጁን ቢጎዳውም ያወቀውን ይናገር። ከባልየው አፍ ብቻ የሰማውን ግን እንዳየ አድርጎ አይመስክር።

ጀንፈሉስ? እሱን መደበቅ የሚስትን ሐቅ፣ የዒዳዋንና የልጆቿን ቀለብ መደበቅ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወንድምን በዳይም ተበዳይም ቢሆን መርዳትን ሲያስተምሩ፣ በዳይን መርዳት ከበደሉ መከልከል መሆኑን ገልጸዋል። ስለዚህ «ወንድሜ፣ ይህን አላደርግልህም» ማለት ራሱ እርዳታ ነው።

ሌላም አለ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአገራችን በአዋጅ ከታወቁ ረጅም ዘመን ቆጥረዋል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 መሠረት ግን የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ሚስትን በዘመድና በጎረቤት አስጨንቆ «እሺ» ማሰኘት ፈቃድ አይባልም። ወዳጅም የዚህ ጫና መልእክተኛ ሊሆን አይገባውም።

ፍቺው ያልፋል። የወዳጃችን ልጆች ግን ነገም ሄርማታ ገበያ ላይ ያገኙናል። አንገታችንን ሳንደፋ ሰላምታቸውን የምንመልስ፣ በሐቅ የምንመሰክር አላህ ያድርገን፤ አሚን።