ሶልደሩ ለምን አይዘረጋም?

ጥያቄ፦ ከሪፍሎው ምድጃ በወጣ ሰርኪት ቦርድ ላይ ሶልደሩ ማረፊያውን (ፓዱን) ሳይሸፍን ተድቦልቡሎ የሚቀረው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የቀለጠ ሶልደር የሚይዘው ንጹሕና በበቂ የሞቀ ብረትን ነው። የተገጠመውን ክፍል እግር ይዞ ማረፊያውን ከተወ፣ ማረፊያው ኦክሳይድ ለብሷል ወይም አልሞቀም፤ በተለይ ከሰፊ የመዳብ ንጣፍ ጋር የተያያዘ ማረፊያ ሙቀቱ ስለሚሸሽበት ዘግይቶ ይሞቃል። እርሳስ አልባው ሶልደር ሳክ 305 መቅለጥ የሚጀምረው በ217 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ የቦርዱ ከፍተኛ ሙቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ235 እስከ 250 ዲግሪ መድረስ አለበት። የምድጃው ማሳያ የቦርዱን ሙቀት አይናገርም፤ ቴርሞካፕል ራሱ ቦርዱ ላይ ይታሰር። የቅድመ ማሞቂያው ጊዜ ሲረዝም ደግሞ ኦክሳይድን የሚያነሳው ፍለክስ ሶልደሩ ሳይቀልጥ ተሟጦ ያልቃል። ሙቀቱ ተስተካክሎም ችግሩ ከቀጠለ፣ በአዲስ የሶልደር ፔስትና ከእሽጉ ገና በወጣ ቦርድ ይሞከር። ምድጃውን ይበልጥ ማጋል ኦክሳይድን አያነሳም።