የምንጭ ዐይን

ሉማሜ፣ በአዲስ አበባና በደብረ ማርቆስ መንገድ ዳር፣ ከአንድ ቤት በረንዳ ላይ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ምንጭ ሲገነቡ የኖሩ ግንበኛ ናቸው። ወጣቷ ለወረዳው አዲስ የተመደበች የውሃ ባለሙያ ናት።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አፍሪካ ገጠር ስለሚገቡ ሚስዮናውያን ሳነብ ሰነበትኩ። ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፣ ልጆቻቸውንም እዚያው ያሳድጋሉ። በእኛስ አገር እንዲህ ያለ ነበር?

ጋሼ፦ ቤተሰብ መመሥረቱስ ነበር። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ ከስዊዘርላንዱ ቅዱስ ክሪሾና የመጡ ባለ እጅ ሚስዮናውያን ሰፍረው ነበር። አንደኛው፣ ቴኦፊል ዋልድማየር፣ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የተባለውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ ኖረ።

ወጣቷ፦ ውሃስ አወጡ?

ጋሼ፦ ንጉሡ ከእነሱ የፈለጉት ሌላ ነበር። መንገድ አስጠረጓቸው፣ መድፍ አሠሯቸው። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1867 እ.ኤ.አ. ከእነሱ እጅ ወጣ። ያ ሁሉ ጥበብ ለመድፍ ሲውል የጋፋት ሴቶች እንስራ ማዘላቸው አልቀረላቸውም።

ወጣቷ፦ ታዲያ በእኛ በኩል ንጹሕ ውሃ በማን በኩል መጣ?

ጋሼ፦ ብዙ እጅ አለበት። የቤተ ክርስቲያናችን የልማት ኮሚሽን አለ፣ መንግሥት አለ፣ የውጭ ድርጅት አለ። እኔን ብዙ ያስተማረኝ ግን ከ1994 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ ድጋፍ በክልላችን የተሠራው ሥራ ነው። መጀመሪያ ገንዘቡም ግዢውም በፕሮግራሙ እጅ ነበር። ከ2003 ወዲህ ግን ገንዘቡ በአብቁተ፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ በምንለው፣ አድርጎ ለመንደሩ ኮሚቴ ይሰጥ ጀመር። ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ግንበኛ የሚቀጥረው ኮሚቴው ሆነ። እኔን ያዋዋሉኝ ገንዘብ ያዧ፣ አንዲት ባልቴት ነበሩ። በዋጋ አላፈናፍን አሉኝ!

ወጣቷ፦ ተናደዱ?

ጋሼ፦ ያን ለታማ ተናድጄ ነበር። ኋላ ግን የምንጩ አጥር ሲፈርስ ሳይጠሩኝ ሲያጥሩ፣ ከየቤቱ መዋጮ ሲሰበስቡ አይቼ ገባኝ። ራሳቸው የተከራከሩበትን ግንብ ማን ሲፈርስ ዝም ብሎ ያያል?

ወጣቷ፦ ንድፍ አወጣጡን ኮሌጅ ተምረናል። ያልነገሩን ነገር ካለ ይንገሩኝ።

ጋሼ፦ ምንጭ ስታጎለብቺ ውሃውን ተከትለሽ ቆፍሪ፣ ዐይኑ ከጠንካራው መሬት እስኪታይ ድረስ። ከዚያ ጠጠር አልብሺው፣ ከላይ በሸክላ አፈር ድፈኚው፣ ከበላዩ የጎርፍ ቦይ ቅደጂ። ዋናው ግን ቧንቧው ከዐይኑ ከፍ እንዳይል ነው። እኔ አንድ ጊዜ ውሃው ከፍ ብሎ እንዲቀዳ ብዬ ቧንቧውን ወደ ላይ አደረግሁት። በወሩ ምንጩ ቆመ።

ወጣቷ፦ ደረቀ?

ጋሼ፦ አልደረቀም። ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ ሌላ ስንጥቅ ፈልጎ በጎረቤት ማሳ ወጣ። አፍርሼ፣ ቧንቧውን ዝቅ አድርጌ እንደገና ሠራሁ። የሁለተኛው ሲሚንቶ ከኪሴ ነበር።

ወጣቷ፦ የእጅ ፓምፕ ይሻላል ማለት ነው?

ጋሼ፦ ምንጭ በሌለበት ሌላ ምን አለ? አፍሪዴቭ የሚባለውን ፓምፕ መንደርተኛው ራሱ ፈትቶ እንዲጠግነው ነው የሠሩት። ግን ጎማው ያልቃል። ጎማው የት እንደሚሸጥ፣ ፈትቶ የሚገጥመው ማን እንደሆነ ሳትጠይቂ አታስተክዪ። ያስቆፈረው እንግዳ አገሩ ይገባል፤ ጎማው የሚያልቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ወጣቷ፦ እነዚያ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት ታዲያ ምን ጥቅም አላቸው?

ጋሼ፦ የራሱ ልጅ የሚጠጣውን ውሃ ሰው አያቃልለውም። ጀሪካኑ ውስጡ አረንጓዴ እንደሆነ፣ የሕፃኑ ዐይን ዝንብ እንደወረረው ቤት ውስጥ ሲኖር ያየዋል። እኛ አካባቢ ትራኮማ የስንቱን ዐይን አጠፋ! ምንጩ ቢጎለብት ፊት ካልታጠበበት ሥራው ግማሽ ነው። ይህን ለማየት ግን ከባሕር ማዶ መምጣት ግዴታ አይደለም። አንቺም የሰው ቤት ገብተሽ ቡና ትጠጫለሽ።

ወጣቷ፦ ነገ የመጀመሪያ ቀበሌዬ እሄዳለሁ። ከምን ልጀምር?

ጋሼ፦ ንድፉን ከቦርሳሽ አታውጪ። በማለዳ ከሴቶቹ ጋር ወደ ምንጩ ውረጂ፣ አንድ ጀሪካን ሞልተሽ አዝለሽ ውጪ። ዳገቱ መሀል ስታርፊ የሚያወሩሽን ያዢ። ቧንቧው የት መውጣት እንዳለበት እዚያ ይነግሩሻል።