የወባ ትንኝን በሰው ሠራሽ ሽታ ማጥመድ፦ የመስክ ሙከራ መመሪያ
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት

በአገራችን ቆላማና ወይናደጋ ቦታዎች ወባ በብዛት የሚበረታው ዋናው ዝናብ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። ይህም የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው። አንድ ሰው በወባ ቢተኛ ቤተሰቡ ጉልበት የሚያጣው እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት ነው። ስለዚህ የትንኝ መቆጣጠሪያ ዘዴን ማወቅ ለእርሻም ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የማባበያ ሽታ በመስክ እንዴት እንደሚፈተን እንገልጻለን።

1. የሽታው ጠባይ

ደም የምትመገበው ሴቷ ትንኝ ብቻ ናት። በሌሊት ሰውን የምታገኘው በተለይ በትንፋሹና በቆዳው ሽታ ነው። በትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀሰቅሳታል፤ ከቆዳ የሚወጡት አሞኒያ፣ ላክቲክ አሲድና ሌሎች አሲዶች ወደ ሰውየው ይመሯታል። ተመራማሪዎች እነዚህን በመጠን አዘጋጅተው በናይለን ጨርቅ ቁራጭ ያስመጥጡና በማጥመጃው ውስጥ ያንጠለጥላሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ወይም ሞላሰስ በውሃና በእርሾ በማብላላት ይገኛል፤ ጠላ ሲፈላ አረፋ የሚያስነሳው አየር ይኸው ነው።

2. ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

በታንዛኒያ ኪሎምቤሮ ሸለቆ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ሙከራ፣ ሽታውና ሰው በተለያዩ ጎጆዎች ሲሆኑ ሽታው ከሰው ከ3 እስከ 5 እጥፍ ትንኝ ስቧል። በአንድ ጎጆ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ሰው እኩል ወይም የበለጠ ስቧል። ሽታው ከሩቅ ይጠራል፤ ከአጠገብ ግን ሰውን አያሸንፍም ማለት ነው።

በኬንያ ሩሲንጋ ደሴት እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2015 በተደረገው ሙከራ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ማጥመጃዎች ለየቤቱ ታደሉ። ማጥመጃ ባገኙት መንደሮች የወባ ሥርጭት ገና ካላገኙት በ29.8 በመቶ ያነሰ ነበር። የትንኝ ቅናሹ ጎልቶ የታየው አኖፊለስ ፉነስተስ በተባለችው ላይ ሲሆን 69.2 በመቶ ደርሷል። የእኛ አገር ዋነኛ አስተላላፊ ግን አኖፊለስ አረቢየንሲስ ናት፤ እርሷ ከሰው ሌላ ከብትንም ትነክሳለች። ስለዚህ በሌላ አገር የተገኘውን ውጤት እንዳለ መውሰድ አይገባም፤ በቦታው መፈተን አለበት።

3. በሙከራ ጊዜ ሊጠበቁ የሚገባቸው

ሀ. ቦታ ማፈራረቅ። በረት ወይም ረግረግ አጠገብ ያለ ማጥመጃ፣ ሽታው ባይረባም ብዙ ይይዛል። ስለዚህ 4 ማጥመጃዎች በ4 ቦታዎች ቢተከሉ፣ በየሌሊቱ ቦታ እየተለዋወጡ በ4 ሌሊት እያንዳንዱ ሁሉንም ቦታ ያዳርስ። አንዱ ማጥመጃ ያለ ሽታ ለማነጻጸሪያ ይቆይ።

ለ. ሰዓት ማስተካከል። ሁሉም ከምሽት እስከ ንጋት እኩል ይሥሩ። ባትሪው ሌሊት የቆመበት ማጥመጃ ውጤት ለብቻው ይመዝገብ እንጂ ከሌሎቹ ጋር አይደመር።

ሐ. ለይቶ መቁጠር። የተያዘው ሁሉ የወባ ትንኝ አይደለም። ሴት አኖፊለሶች ከሌሎች ቢንቢዎች ተለይተው ይቆጠሩ። ዝናብ፣ ነፋስና የከብት ማደሪያው ርቀት በየዕለቱ ይጻፉ።

መ. ከሰው ማራቅ። ማጥመጃው ሰው ከተኛበት ወይም በረንዳ ላይ ከሚያመሽበት አጠገብ አይቀመጥ። የተጠራችው ትንኝ ሰውየውን ልትመርጥ ትችላለች።

4. ማሳሰቢያ

በከረጢት የተያዘ ትንኝ መብዛቱ ብቻውን የወባ መቀነስ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው በጤና ባለሙያ የደም ምርመራ የሚታየው የሕሙማን ቁጥር መቀነስ ነው። በሩሲንጋም ማጥመጃው የተጨመረው በአጎበርና በሕክምና ላይ እንጂ በእነርሱ ምትክ አልነበረም። ማኅበሩ ሙከራ ሲቀበል ይህን ለአባላቱ አስቀድሞ ያስረዳ። ማጥመጃ ተተከለልን ብሎ አጎበሩን የሚያጥፍ ቤተሰብ ቢኖር፣ ከሙከራው ጥቅም ይልቅ ጉዳቱ ያመዝናል።