“የፊሊፒንስ ምግብ” የሚባለው የት ይገኛል?

ባለፈው ሴሚስተር በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ስለ አንድ ሩቅ አገር ምግብ ለተጓዦች የሚሆን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ታዘን ነበር። እኔ ፊሊፒንስን መረጥኩ። ምክንያቱ አክስቴ ናት። ቤሩት ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ አራቱን ዓመት በአንድ ቤትና በአንድ ማድ ቤት አብራት የሠራችው ፊሊፒናዊት ነበረች። የሚገርመው ግን የመጀመሪያውን ረቂቅ ስጽፍ አክስቴን አንድም ነገር አልጠየቅኳትም። ርዕሱንም “ጫጩት ያለበት እንቁላል የሚበሉ ሰዎች” አልኩት። ማታ ላይ ጮክ ብዬ ሳነብላት ትስቃለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አልሳቀችም። “አራት ዓመት አብሬያት በልቻለሁ፤ አንድም ቀን ይሄንን ስትበላ አላየኋትም። እኛን ጥሬ ሥጋ በላተኞች እያሉ ሲጽፉብን ደስ ይልሃል?” አለችኝ። ረቂቁን ቀደድኩት። ይሄኛው ሁለተኛው ነው።

እንቁላሉ እውነት ነው፤ ስሙ ባሉት ይባላል። የዳክዬ እንቁላል ከሁለት ሳምንት በላይ ሙቀት ውስጥ ቆይቶ ይቀቀላል። ከማኒላ አጠገብ ያለችው ፓቴሮስ የታወቀችበት ሲሆን፣ ማታ ማታ መንገድ ላይ በጨውና በኮምጣጤ ይበላል። መሞከር የፈለገ ይሞክር። ነገር ግን ስለ ፊሊፒንስ ምግብ ከባሉት ተነስቶ የጻፈ ሰው (እኔም ጭምር) አገሩን ሳያይ ነው የተመለሰው።

ፊሊፒንስ ከ7 ሺህ በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። በሰሜን ሉዞን፣ በመሐል ቪሳያስ፣ በደቡብ ሚንዳናኦ ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። ስለዚህ ተጓዡ “ምን ልብላ?” ከማለቱ በፊት “የት ነው ያለሁት?” ብሎ መጠየቅ አለበት። ለምሳሌ አዶቦን እንውሰድ። ብሔራዊ ምግብ ነው እየተባለ በየመጽሔቱ የሚጻፍለት እሱ ነው። ሥጋ በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ይበስላል። ስሙ የስፔን ቢሆንም አሠራሩ የአገሬው ነው። አንድ ስፔናዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1613 በታተመ የታጋሎግ መዝገበ ቃላት ላይ የአገሬው ሰዎች አዶቦ ብሎ መዝግቦታል፤ ሲያየው የራሱን አገር ምግብ መስሎት ነው። ታዲያ ይሄ “ብሔራዊ” የተባለው ምግብ በብዙ ቦታ በሶያ ሶስ ይጠቁራል፤ ሶያ ሶስ የማይገባበት ነጭ አዶቦም አለ። ባታንጋስ ላይ እርድ ገብቶበት ቢጫ ይሆናል፣ ቢኮል ላይ ደግሞ የኮኮናት ወተት ይጨመርበታል። ማኒላ አንድ ሆቴል ውስጥ አንዱን ቀምሶ “አዶቦን አውቀዋለሁ” ማለት አይቻልም።

ወደ ሰሜን ስንወጣ ኢሎኮስን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ቪጋን እዚህ ናት። የቪጋን ኤምፓናዳ ከሩዝ ዱቄት የሚሠራ፣ ብርቱካናማ ቀለም ያለው፣ ውስጡ ያልበሰለ ፓፓያ፣ እንቁላልና ቋሊማ ያለበት ጥብስ ነው። ሲቀርብ የሸንኮራ ኮምጣጤ አብሮት ይመጣል።

ከኢሎኮስ ወደ ማኒላ ሲወረድ ፓምፓንጋ አለች። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የሲሲግ ታሪክ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ጥሩ ትምህርት ይሆናል። ሲሲግ የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ1732 በወጣ የካፓምፓንጋን መዝገበ ቃላት ላይ ሲገኝ ትርጉሙ ያልበሰለ ፓፓያን ወይም ዘይቱንን በኮምጣጤ እንደ ሰላጣ መብላት ነበር። ሥጋ የለበትም። ዛሬ ሲሲግ የሚባለው ግን የአሳማ ጆሮና ጉንጭ ተቀቅሎ፣ በከሰል ተጠብሶና ደቆ በሽንኩርትና በጎምዛዛ ነገር የሚበላ ነው። ይሄንን ያስታወቀችው በአንጀለስ ከተማ፣ ባቡር ሐዲድ ጥግ በ1970ዎቹ ትሠራ የነበረችው ሉሲያ ኩናናን ናት። እንደሚነገረው የአሳማ ጭንቅላት በርካሽ የሚገኘው በአቅራቢያው ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነበር፤ አሜሪካኖቹ ስለማይፈልጉት። ጦር ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1991 ከፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ በኋላ ተለቀቀ፤ ምግቡ ግን ቀረ። ኋላ ሌላ ቦታ ያሉ ምግብ ቤቶች ማዮኔዝና እንቁላል ይጨምሩበት ጀመር። የአንጀለስ ሰዎች ይሄ ነገር ያበሳጫቸዋል፤ ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ2017 የራሷን ሲሲግ ቅርስ ነው ብላ በደንብ አውጃለች። እኔ አንጀለሶችን አልፈርድባቸውም። በክትፎ ላይ ማዮኔዝ ቢደረግ ምን እንደምንል እናውቃለን።

በቪሳያስ ደሴቶች ላይ ጎልታ የምትታየው ኢሎይሎ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ በምግብ ዘርፍ የፈጠራ ከተማ ብሎ የመረጣት የመጀመሪያዋ የፊሊፒንስ ከተማ ናት። የላ ፓዝ ሰፈር ስሙን የሰጠው ባቾይ ትኩስ የኑድል ሾርባ ሲሆን የአሳማ ሆድ ዕቃ፣ መቅኒና ተጠብሶ የተሰባበረ ቆዳ አለበት። ከባሕሩ ማዶ ባኮሎድ ላይ ኢናሳል የሚባለው የዶሮ ጥብስ ይጠብቃል። ዶሮው በኮምጣጤ፣ በካላማንሲ (ትንሽዬ ሎሚ ናት) እና በጠጅ ሣር ተዘፍዝፎ በከሰል ላይ ይጠበሳል። ጠጅ ሣር እኛ ጋ ለሻይ እንጂ ለዶሮ ማን አሰበው? ሴቡ ላይ ደግሞ ሙሉ አሳማ ሆዱ ውስጥ ጠጅ ሣር ታጭቆበት ይጠበሳል፤ የሴቡ ሰዎች ያለ ስጎ ነው የሚበላው ይላሉ።

እዚህ ላይ አንባቢው “አሳማ፣ አሳማ፣ እኛስ ምን እንብላ?” ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። ክርስቲያን ሆነ ሙስሊም፣ ከእኛ አገር የሄደ አብዛኛው ሰው አሳማ አይበላም። ለጾመኛም ችግር አለ፤ አትክልት መስሎ የቀረበው ሁሉ ውስጡ ከሽሪምፕ ወይም ከዓሣ የተብላላ ባጎንግ ሊኖርበት ይችላል፤ ሳይጠይቁ አይበላም። ለአሳማው ጉዳይ ግን መልሱ ደቡብ ነው። በሚንዳናኦና በሱሉ የሚኖሩት ሙስሊሞች ምግብ በቱሪስት መጽሔቶች ላይ ብዙ ቦታ አያገኝም፤ በእኔ አስተያየት ግን ትልቁ የቀረብን ነገር እሱ ነው። የታውሱግ ሕዝብ ቲዩላ ኢቱም የሚባል ጥቁር የበሬ ሥጋ ሾርባ አለው። የሚያጠቁረው ኮኮናት ነው፤ ከሰል እስኪመስል ይቃጠልና ከቅመም ጋር ተፈጭቶ ይገባል። የማራናኦ ሕዝብ ደግሞ ፓላፓ አለው። ከአንድ ዓይነት ቀጭን ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከቃሪያና ከተቆላ ኮኮናት ይዘጋጃል፤ ሥራው እንደ አዋዜ ነው። በኪሱ ብዙ ለሌለው ተጓዥ የማጊንዳናኦ ፓስቲል ይበቃዋል፦ ሩዝ፣ ላዩ ላይ የተፈተፈተ ዶሮ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ።

ጊዜም እንደ ቦታው ይቆጠራል። ከታኅሣሥ መሐል እስከ ገና ዋዜማ (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 16 እስከ 24) ሰዉ ዘጠኝ ሌሊት ጎሕ ሳይቀድ ቅዳሴ ይሄዳል። ሲወጣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢቢንካ ይሸጣል፤ ከሥርም ከላይም ፍም ተደርጎለት በሙዝ ቅጠል ላይ የሚጋገር የሩዝ ዳቦ ነው። ሐምሌ ላይ ሆቴል ውስጥ አዝዞ ቢበላ ያው ቢቢንካ ነው፤ ግን ሌሊቱና ብርዱ የለም።

ስለዚህ ሁሉ ሳነብ ደጋግሜ ያገኘሁት ስም ዶሪን ፈርናንዴዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ያረፈች የዩኒቨርሲቲ መምህርና የጋዜጣ አምደኛ ናት። “ቲኪም” የሚለው የ1994 መጽሐፏ ርዕስ ቅምሻ ማለት ነው። ፊሊፒናዊ ገበታ ላይ ሳውሳዋን የሚባሉ ማጥቀሻዎች ይቀርባሉ፤ እያንዳንዱ በላተኛ ኮምጣጤውን፣ ካላማንሲውን ወይም ባጎንጉን እንደ ምላሱ ያስተካክላል። ወጥ ሠሪዋም ምግቤን ናቃችሁ ብላ አትቀየምም። የበላተኛውንም ድርሻ አይታ የጻፈች ናት።

አሁን ወደ ቤሩቱ ማድ ቤት ልመለስ። የአክስቴ ጓደኛ የቢኮል ልጅ ነበረች፣ ከማዮን እሳተ ገሞራ ሥር። የቢኮል ምግብ ኮኮናትና ቃሪያ ነው። በውጭ የሚታወቀው ቢኮል ኤክስፕረስ ስሙን ያገኘው ወደዚያ ይሄድ ከነበረው ባቡር ሲሆን፣ ስሙ የወጣለትም ማኒላ ነው። እሷ የሚናፍቃት ግን እሱ ሳይሆን ላይንግ ነበር። ላይንግ የደረቀ የጎደሬ ቅጠል ነው፤ በኮኮናት ወተት፣ በዝንጅብልና በቃሪያ ቀስ ብሎ ይበስላል። ጎደሬ ደቡብ ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ አክስቴም ታውቀዋለች። እሑድ ዕረፍት ሲሰጣቸው ከእስያውያን ሱቅ በፌስታል የታሸገ ቅጠል ገዝተው ይገባሉ። መጀመሪያ ቀን አክስቴ እንደ ወጥ ልታማስለው ማማሰያ ስታነሳ ጓደኛዋ ከእጇ ነጠቀቻት። ቅጠሉ ወተቱን ጠጥቶ ሳይበስል ከተነካ ጉሮሮ ያሳክካል ይላሉ ቢኮሎች። ሁለቱም በተሰባበረ ዓረብኛ እየተከራከሩ፣ እጃቸውን አጣምረው ድስቱን ቆመው ጠበቁት።