ሣሩን የሚይዘው ማን ነው?

በማጭድ ስናጭድ ሣሩን በአንድ እጃችን ጨብጠን እንይዘዋለን። የማጨጃ መኪና ግን የሚይዝ እጅ የለውም፤ ታዲያ ሣሩ ለምን ጎንበስ ብሎ አያመልጥም? መልሱ ፍጥነት ነው። ከጫፍ ጫፍ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስለት በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሴኮንድ 78 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሣሩ ሳይጎነበስ ይቆረጣል፤ የያዘው የራሱ ኢነርሺያ ነው። ስለቱ ከዶለዶመ ግን ሣሩ ይቀደዳል፤ ጫፉም ይደርቃል።

የብዙ ተክሎች ማደጊያ ጫፋቸው ላይ ሲሆን የሣር ግን መሬት አጠገብ ነው፤ ስለዚህ መታጨድን ይችላል (ከብት ሲግጠው የኖረ ነውና!)። ሆኖም ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አንቁረጥ። በ6 ሳንቲ ሜትር ልናቆየው የምንፈልገው ሰርዶ 9 ሲደርስ ይታጨዳል፤ በክረምት ቶሎ ቶሎ፣ በበጋ አልፎ አልፎ። ወር ጠብቆ መላጨት ሥሩንም ያዳክማል።