የእሳት አደጋን ከቤት አሠራር ጀምሮ መከላከል



በሐዋሳ ከተማ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ የሣር ክዳኑም የእንሰቱ ደረቅ ቅጠልም ፍንጣሪ ይጠብቃል። በዚህ ወቅት ቤት ቢያያዝ የእሳት አደጋ መኪና ከከተማ እስኪደርስ ክዳኑ አልቆ ይጠብቀዋል። መኪና በቅርብ ባለበትም ቢሆን መተላለፊያ ከሌለ ማጥፋት ይከብዳል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ እሳት ሲነሳ ሱቆቹ ተጠጋግተው፣ መንገዱም ጠቦ ስለነበር ሥራው እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የምናተኩረው እሳት እንዳይነሳ፣ ቢነሳም እንዳይዛመት በሚያደርግ አሠራር ላይ ነው።

ምድጃና ግድግዳ

በአካባቢያችን በብዙ ቤት ሰው፣ ከብትና ምድጃ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ጭሱ ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቃል የሚሉ አባቶች እውነት አላቸው። ነገር ግን ያው ጭስ በጣሪያው ሥር የሚያከማቸው ጥላሸት ራሱ ይቃጠላል፤ ለዓመታት በጭስ የደረቀ ቀርከሃም በቶሎ ይያያዛል። ከተቻለ ማድ ቤቱን ለብቻ ሥሩ። አቅም ካልፈቀደ ጉልቻውን ከግድግዳና ከምሰሶ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት፤ በአቅራቢያው ያለውን ግድግዳም ከወለል እስከ ጣሪያ በጭቃ ምረጉ። ከምድጃ በላይ ማገዶ ማድረቂያ ቆጥ መሥራት የቆየ ልማድ ቢሆንም መቅረት አለበት። እንደ ምርጥና ትክክል ያሉ ምድጃዎች ማገዶ ከመቆጠባቸው ሌላ ነበልባሉን ይከልላሉ።

ረመጥ በአመድ ስለተሸፈነ ጠፋ ማለት አይደለም፤ እናቶች ጠዋት እሳት የሚያቀጣጥሉት በዚያው ነው። አመዱን ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ከመውሰዳችሁ በፊት ውሃ አርከፍክፉበት።

የድርቆሽና የገለባ ክምር

ክምር ከቤት ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። መሬታችን ጠባብ መሆኑ ይታወቃል፤ ሆኖም ክምሩን ከእንሰቱ ወዲያ ማዶ ማድረግ ይቻላል። የእንሰት ግንድ በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ በቤትና በክምር መካከል የቆመ አረንጓዴ እንሰት እሳቱን ያዘገያል። ይህ የሚሆነው ግን የደረቀው ቅጠል በየጊዜው ሲነሳ ብቻ ነው፤ ተንጠልጥሎ የቀረ ደረቅ ኮባ እሳቱን ተቀብሎ ወደ ጣሪያ ያሻግራል። የበጋው ንፋስ ከየት እንደሚነፍስ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ክምሩ በዚያ በኩል አይሁን።

ድርቆሽ በደንብ ሳይደርቅ አትከምሩ። እርጥብ ድርቆሽ ከውስጥ እየሞቀ ሄዶ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ክምሩ ቢተን ወይም የመቃጠል ሽታ ቢሰጥ ውሃ ሳታዘጋጁ አትክፈቱት፤ አየር ሲያገኝ ነበልባል ያወጣል።

መውጫ

ከብት የሚታሰርበት ገመድ አንዴ ሲሳብ የሚፈታ ቋጠሮ ይኑረው። በጭስ ውስጥ ቋጠሮ ለመፍታት የሚታገል ሰው ከብቱንም ራሱንም ያጣል። በረቱ የራሱ በር ቢኖረው ይሻላል፤ የደነገጠ በሬ በሰው በር ሲወጣ ልጆችን ይረግጣል። በቤታችሁ ያለው በር አንድ ብቻ ከሆነ ከምድጃው ራቅ ባለ በኩል ሁለተኛ መውጫ ክፈቱ። አንዴ ከወጡ በኋላ ለዕቃም ሆነ ለከብት መመለስ አይገባም።

ኩራዝና ቃጠሎ

ላምባ ሲጠፋ ኩራዝ ውስጥ ቤንዚን የሚጨምሩ አሉ። ቤንዚን ለኩራዝ አይሆንም፤ ይፈነዳል። የፀሐይ መብራት ያላችሁ በእሱ ተጠቀሙ።

ልብሱ የተያያዘበት ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ አስተኝታችሁ በጋቢ ጠቅልሉት። እሳቱ ሲጠፋ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለሚቀጥለው ስልጠና እያንዳንዳችሁ ከጉልቻው እስከ ግድግዳው፣ ከቤቱ እስከ ክምሩ ያለውን ርቀት በእርምጃ ለክታችሁ ኑ። የከብቶቻችሁንም ማሰሪያ ገመድ አንድ ይዛችሁ ኑ፤ ቋጠሮውን አብረን እንለማመዳለን።