የዘገየ የበርበሬ ችግኝ በቤት ውስጥ እንዴት ይያዛል?

በርበሬን የማያውቅ አንባቢ በመካከላችን ይኖራል ብለን አንጠረጥርም። ነገር ግን ከወጡ ቅላት በስተኋላ ያለችውን ደካማ ቡቃያ ቀርቦ የተመለከተ ጥቂት ነው፤ እኛም እስከ አምና ድረስ ከማያውቁት ወገን ነበርን። ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን፤ ከመካከላችን የአንዱ እናት ከማረቆ በጨርቅ ቋጥረው የላኩት 60 ፍሬ ዘር ነው። እኚህ እናት በየዓመቱ ከማሳቸው መልካም መልካሙን ዛላ እየመረጡ ለዘር ያስቀምጣሉ። በዚያ ዓመት ግን እርጥበት ገብቶበት አብዛኛው ሻገተባቸው። ከተረፈው ግማሹን በመደብ ሊዘሩ ለራሳቸው አስቀርተው፤ ግማሹን «የአንዳችን ቢበላሽ የሌላው ይተርፋል» ብለው ለልጃቸው ላኩ። ችግኙንም ለሰኔ ልናደርስላቸው ቃል ገባን።

ነገ ወጥተን ገበሬውን እናስተምራለን የምንል ተማሪዎች፤ በጥር ወር ከዘራነው 30 ፍሬ ውስጥ 11 ብቻ በቀለልን፤ ከእነዚህም 7ቱን በገዛ እጃችን ገደልን። የቀሩት 4ቱ ከዘሩ ጋር የሚወጡትን ሁለት ቅጠሎች ብቻ ዘርግተው፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ሳያድጉም ሳይሞቱም ቆሙ። ከዚህ በታች የምንጽፈው በአብዛኛው ከእነዚህ ከ4ቱ የተማርነው ነው።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፤ በርበሬ በተፈጥሮው ዘገምተኛ መሆኑ ነው። ትውልዱ አሜሪካ ነው፤ ወደ ቀረው ዓለም የተሰራጨውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1492 ወዲህ ሲሆን፤ ሙቀት የሚወድ ተክል ነው። የአፈሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ እንደ ሆነ ዘሩ በ8 ቀን ገደማ ብቅ ይላል፤ 20 ሲሆን ወደ 12 ወይም 13 ቀን ይፈልጋል፤ 15 ሲሆን 25 ቀን ያህል ያስጠብቃል፤ በ10 ዲግሪ ግን ጨርሶ አይበቅልም። ልብ አድርጉ፤ የምንናገረው ስለ አፈሩ ሙቀት ነው እንጂ ስለ ክፍሉ አየር አይደለም። የእኛ ጣሳዎች የተቀመጡት በሲሚንቶው የመስኮት ደፍ ላይ፤ መስተዋቱን ተደግፈው ነበር። በቀን ፀሐይ ስለሚያገኛቸው የተመቻቸው መስሎን ነበር። ከኬሚስትሪ ላቦራቶሪ በተዋስነው ቴርሞሜትር ማለዳ በ12 ሰዓት አፈሩን ብንለካው ግን 13 ዲግሪ ሆኖ አገኘነው። እኛ ብርድ ልብስ ተከናንበን ስንተኛ ችግኙ ሌሊቱን ሁሉ ከቀዝቃዛ ሲሚንቶ ጋር ያድር ኖሯል።

ሁለተኛው ነገር፤ ችግኝ ከላይ የቆመ በሚመስልበት ጊዜ ከታች ሥራ ላይ ሊሆን መቻሉ ነው። ከበቀለ በኋላ ባሉት በሁለቱ ወይም በሦስቱ ሳምንታት ከላይ የሚታየው ለውጥ ትንሽ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሥሩ ወደ ታች እየወረደ ይቀረንፋል። ስለዚህ የሁለት ሳምንት ችግኝ ቁመቱ አልጨመረም ተብሎ አይታማም። አምስት ሳምንት ቆሞ የቀረ ግን በእርግጥ አንድ ነገር ይዞታል፤ የያዘውም ብዙውን ጊዜ ከሥሩ በኩል ነው። ይህን ባለማወቃችን ዐይናችን ቅጠሉ ላይ ብቻ ነበር፤ ቅጠሉም ባላደገ ቁጥር አንድ ነገር ልንጨምርለት እንሮጥ ነበር።

አስቀድመን የጨመርነው ውሃ ነው። በክፍላችን አራት ሰዎች እንኖራለን፤ አራታችንም አንዳችን ሌላውን ሳናማክር ጧት ጧት ስናጠጣ ሰነበትን። ችግኝ በቀን አራት ቁርስ ይበላ ይመስል! አፈሩም ከግቢው ጓሮ ያመጣነው ጥቁር ኮትቻ ነበር። ኮትቻ በሜዳ ላይ ለጤፍ መልካም ነው፤ በጣሳ ውስጥ ግን ውሃውን ይዞ አይለቅም፤ በደረቀም ጊዜ ይሰነጠቃል። ሥር ደግሞ እንደ ማንኛውም ሕያው ነገር ይተነፍሳል፤ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ቀዳዳ ሁሉ በውሃ ከተሞላ ኦክሲጅን ያጣና መሥራቱን ያቆማል። ሥሩ መሳብ ያቃተው ችግኝ ቅጠሉን ያጠወልጋል፤ ያጠወለገውን የሚያይ ሰው ውሃ የጠማው መስሎት እንደ ገና ያጠጣል። ከ7ቱ የሚበዙት የሞቱት በዚህ መንገድ ነው።

የቀሩት የሞቱበት ምክንያት የዚሁ ዘመድ ነው። ማታ ደኅና የነበረ ችግኝ ጧት ሲታይ፤ ግንዱ ልክ በአፈሩ ወለል ላይ እንደ ክር ቀጥኖ፤ ጠቁሮ፤ በጎኑ ተጋድሞ ይገኛል። ይህን የሚያመጡት ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ የሚባሉ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ሕያዋን ናቸው። የሚበረቱትም አፈሩ ሲረጥብ፤ አየሩ ሳይንቀሳቀስ ሲቀርና ችግኙ በብርድ ተይዞ እድገቱ ሲዘገይ ነው። የወደቀውን ችግኝ የሚያነሣ መድኃኒት የለም፤ ከነአፈሩ አውጥቶ መጣል ነው። በጣሳው ዙሪያ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ሲያንዣብቡ ከታዩም አፈሩ ከመጠን በላይ እንደ ረጠበ ማወቅ ይገባል፤ ትሎቻቸው ለስላሳውን ሥር ይበላሉና።

ከውሃ ቀጥሎ የጨመርነው ዩሪያ ነው። ከቅጠሉ በታች ወይን ጠጅ መሳይ ቀለም ስላየን «ማዳበሪያ አንሶታል» ብለን በሻይ ማንኪያ ጫፍ በተንንበት። ዩሪያ ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጅን ነው፤ አፈር ውስጥ ገብቶ ወደ አሞኒያ ሲለወጥ እንኳን የሁለት ቅጠል ችግኝን የጎለመሰውንም ሥር ያቃጥላል። ከዚህም በላይ የዚያ ቀለም ትርጉም ሌላ ነበር። ይህ ቀለም ችግኙ ፎስፎረስ ሲያጣ የሚያሳየው ምልክት ነው፤ የሚያጣውም ሁልጊዜ በአፈሩ ውስጥ ስለ ሌለ አይደለም፤ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ፎስፎረስን መሳብ ስለሚሳነው ጭምር ነው። ማዕዱ ቀርቦ ሳለ እጁ የደነዘዘ ሰው ማለት ነው። የሚያሻው ሙቀት ነበር፤ እኛ ግን ሌላ ምግብ አመጣንለት።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፤ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሁሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ነገር ግን ፀሐይ የምትገባበት መስኮት ይለዋወጣል። በኅዳር፤ በታኅሣሥና በጥር የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የደቡቡ መስኮት ይመረጣል፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ግን የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ጥር ላይ የመረጡትን መስኮት ግንቦት ላይም ያው ነው ብሎ መተው ስሕተት ነው። ከመስኮቱም አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ ለእኛ ለንባብ ቢበቃንም ለችግኝ አይበቃውም፤ ግንዱ ቀጥኖና ገርጥቶ ወደ መስኮቱ ይሰግጋል። ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ከችግኙ በላይ አንድ ስንዝር ያህል አስጠግቶ፤ ከቀኑ ብርሃን ጋር በጠቅላላው 14 ወይም 15 ሰዓት ማብራት ይረዳል። ሌሊቱን ሁሉ ማብራት ግን አያስፈልግም፤ አብረው የሚያድሩትንም ማሰብ ነው።

በመጋቢት አጋማሽ የቀረውን 30 ፍሬ ስንዘራ አፈሩን ለወጥን። ሦስት እጅ የተነፋ ቀይ አፈር፤ ሁለት እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ፤ አንድ እጅ አሸዋ ደባለቅን። የጣሳዎቹን ታች በምስማር አምስት አምስት ቦታ በሳን፤ ዘሩንም ከአንድ ሴንቲሜትር ሳይጠልቅ አለበስነው። ጣሳዎቹ ቀን በመስኮቱ ደፍ ላይ በጣውላ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ማታ በክፍሉ መካከል ባለው ጠረጴዛ ላይ ያድራሉ። ውሃ የሚያጠጣ አንድ ሰው ብቻ ሾምን፤ እርሱም በቀን ቈጠራ አያጠጣም፤ ጣሳውን በእጁ አንሥቶ ክብደቱን ይመዝናል፤ ከቀለለና የላዩ አፈር ከደረቀ ብቻ ከታች እስኪንጠባጠብ ያጠጣል። ማዳበሪያ የሚባል ነገር እውነተኛ ቅጠል አራት እስኪሆን ድረስ አላስነካንም፤ ከዚያም በኋላ ያጠጣነው ቀጠን ያለ የብስባሽ ውሃ ነው። በ11ኛው ቀን 24ቱ በቅለው ነበር።

አራቱን አሮጌ ችግኞች ወደ አዲሱ አፈር ስናዛውር ሥራቸውን አየነው፤ ከአንድ የጣት አንጓ አይበልጥም፤ ጫፉም ቡናማ ሆኖ ነበር። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ሞቱ። ሁለቱ በ10 ቀን ውስጥ ነጭ ሥር አውጥተው ተነሡ፤ ከኋለኞቹ ጋር ግን ሊስተካከሉ አልቻሉም።

በሰኔ መጀመሪያ ችግኞቹን አሥር ቀን ያህል በረንዳ ላይ እያወጣን፤ በመጀመሪያ በጥላ ኋላም በፀሐይ፤ ከውጭው አየር ጋር አለማመድናቸው። ከዚያ 22 ችግኝ በካርቶን አድርገን ከልጃቸው ጋር በአውቶቡስ ላክን። እናትየውም ተቀብለው ከመደቡ ችግኞች አጠገብ አሰለፏቸው፤ የመደቦቹ የእኛዎቹን በግማሽ ስንዝር ይበልጧቸው ነበር አሉ። ልጃቸውንም «እናንተ ዘንድ ፀሐይ የለም እንዴ፤ ልጄ?» ብለው ጠየቁትና፤ ሁሉንም በዚያው ቀን ወደ ማታ ተከሏቸው።